የገለምሶ መንገድ ካሴት

ከጭሮ በወጣሁበት ምሽት ባለቤቴ ግርማ ሚኒባሱን ራሱ እየነዳ ወደ ሚኤሶ አወረደኝ። ሌላ ተሳፋሪ አልጫነም። እኔ፣ የሰባት ዓመቷ ልጃችን ሐና፣ አንድ ሻንጣ፣ ጎረቤቶቼ «ነጋን ገሊ፣ በሰላም ግቢ» እያሉ በመስኮት ያቀበሉኝ የተቆላ ለውዝ፣ በቃ ይኸው ነበር ጭነቱ። ቁልቁለቱን ስንጀምር «ካሴቱን ክፈተው እንጂ» አልኩት።

«አይሆንም» አለ ግርማ። «እሱ የገለምሶ መንገድ ካሴት ነው። እዚህ አይሰራም።»

ነገሩን ለማታውቁ ላስረዳችሁ። ግርማ የሚሠራው ከጭሮ ገለምሶ ነው። ሚኒባሱን ከገዛን ጀምሮ አንድ ካሴት ብቻ ነው ያለን፤ ሁለት ፈረንጆች የሚዘፍኑት ለስለስ ያለ ዘፈን፣ ከብዙ ሥራቸው ምርጥ ምርጡ ተለቅሞ የተሰበሰበበት። ፍላሽ በሞላበት ዘመን እሱ አሁንም ካሴት ነው የሚያጫውተው። ፒያኖ አለው፣ ጊታር አለው፣ ማንንም አይረብሽም። ሕፃን ያዘለች ትተኛበታለች፣ ጫት የያዘ ይመረቅንበታል። የቀዳው መናኸሪያው አጠገብ የነበረ ሙዚቃ ቤት ነው። የመስመሩ ሾፌሮች ሁሉ እሱ ዘንድ ስላስቀዱ ዘፈኖቹ በየትኛውም መኪና በአንድ ተራ ነው የሚመጡት። ፒያኖ ብቻውን የሚጀምረው ሲመጣ ኩኒ ደርሰዋል። ፉጨት ያለበት ሲያልቅ በዴሳ ነው፤ ሰው ሲወርድና ሲሳፈር ካሴቱ ይገለበጣል። ከበሮው ጠንከር የሚለው ሲመጣ ደግሞ ገለምሶ ይታያል።

እኔ ስጉ ሰው ነኝ። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ መኪና ስለሚገለበጥበት መንገድ ግን ብዙ አስቤያለሁ። ስለዚህ ከግርማ ጋር ስምምነት ነበረን፤ እየነዳ ስልክ አያወራም። ስደውል ጎኑ የተቀመጠው ሰው ስልኩን ይከፍትና ወደ ቴፑ ያስጠጋዋል። አንድ ቃል ሳንለዋወጥ ዘፈኑን ሰምቼ እዘጋለሁ። ፒያኖው ከሆነ ኩኒ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ። በመልሱ ጉዞ በዴሳን ሲያልፍ ደግሞ ሽሮዬን እጥዳለሁ።

የዘፋኞቹ አንዱ ድምፅ ቀጭን ነው፣ ሌላው ወፈር ይላል። ከጎጃም ተመድበው የመጡ መምህር ጎረቤት ነበሩንና ምን እንደሚል ጠየቅናቸው። «ሁሉም ያው ነው፤ አንዱ ሄዷል፣ አንዱ እየጠበቀ ነው» አሉን። እኛም ባልና ሚስት ናቸው ብለን ደመደምን። እሱ ይሄዳል፣ እሷ ትጠብቃለች። ኦቦ ጂብሪል የሚባሉ የበዴሳ ነጋዴ ደንበኛችን አንድ ቀን ከኋላ ወንበር «ይህ ሰውዬ ግን ስንት ጊዜ ነው የሚሄደው? ሽማግሌ የላቸውም እንዴ?» ብለው መኪናውን ሁሉ አሳቁት።

እንግዲህ እኔም ሂያጅ ሆንኩ። የአክስቴ ልጅ ጅቡቲ ውስጥ የከባድ መኪና ሾፌሮች የሚበሉበት ቤት አላት፤ ወጥ ሠሪ ስትፈልግ ጠራችኝ። ሚኒባሱ ከሚሠራበት ቀን ጋራዥ የሚውልበት እየበዛ ስለነበር እሺ አልኩ። በማግስቱ ከሚኤሶ በባቡር ተሳፈርኩ። ስደርስ ወረቀት የሚያየው ሰውዬ በአማርኛ ጠየቀኝ።

«ሥራ?»

«እናት ነኝ።»

«እሱ ሥራ አይደለም፣ ማዳም።»

«እንግዲያው ይህን ሁሉ ዓመት ዕረፍት ላይ ነበርኩ?»

ቀና ብሎ አየኝና «ኩዚኒየር» ብሎ ጻፈ። ምግብ አብሳይ ማለት ነው። ቀለል ያለውን ሥራዬን መረጠልኝ።

ጭሮ በዚህ ሰዓት ጋቢ ያስደርባል። እዚህ ነፋሱ ራሱ ትኩስ ነው፤ ካምሲን ይሉታል፣ የፀጉር ቤት ካስክ ፊት ላይ እንደ መክፈት ነው። ላሆህ የሚሉት ምግብ አላቸው፤ እንጀራ መሆን ጀምሮ መሃል ላይ ሐሳቡን የለወጠ ይመስላል። ጠዋት ባጌት የሚሉትን ረጅም ዳቦ በክንድ ታቅፈው ሲሄዱ ሳይ ማገዶ መስሎኝ ነበር። ደግሞ ጫቱ ከእኛ አገር ሲገባ ከተማው እንዴት እንደሚሯሯጥ ብታዩ፤ ያኔ አገሬ ያለሁ ይመስለኛል።

የቤት አከራዬ ሙሴ ዳሂር ይባላል። ሙሴ እዚህ እንደ አቶ ነው። የድሮው ባቡር ሠራተኛ ስለነበረ ድሬዳዋ የለቀመው አማርኛ አለው፤ ወንድ ሴት ሳይለይ ሁሉንም አንተ ይላል።

«አንድ ክፍል፣ አንድ ሰው» አለኝ በመጀመሪያው ቀን። «ልጅ የለም፣ ጩኸት የለም፣ ሽንኩርት የለም።»

«ሽንኩርት ከሌለ ምን ይበላል?»

«ዳቦ።»

ከክፍሌ ጎን የተሰበሩ ወንበሮች የተቆለሉበት ባዶ ክፍል ነበረ። ሐናንና አባቷን ለማምጣት የጎደለኝ እሱ ብቻ ነው። ግርማ «ልጄን ሰው ቤት መሬት ላይ አላስተኛም፤ ክፍል ካገኘሽ እንመጣለን» ብሏል። ሙሴ ዳሂርን በጠየቅኩት ቁጥር መልሱ «እናያለን» ነው። የሚያየው ግን ጣሪያውን ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ክፍሌ ውስጥ ሊጥ ሳቦካ ከላይኛው ፎቅ ፒያኖው መጣ። ኩኒ። እጄን ሳልታጠብ ደረጃውን ወጣሁ። ሙሴ ዳሂር ሽርጡን አገልድሞ ሸክላ ማጫወቻ አጠገብ ተቀምጧል። ሊቆጣኝ ሲል ዘፈኑ አለቀ፣ ሌላው ተተካ። ከበሮው።

«ተሳስቷል» አልኩት።

«ምኑ?»

«ከዚህ በኋላ ፉጨት ያለበት ነው የሚመጣው። ይሄ ገለምሶ ነው። በዴሳን ዘለሉት።»

«አንተ ሴትዮ፣ ይህን ፓሪስ ነው የገዛሁት። ኦሪጅናል ነው።»

«ኦሪጅናሉ ነው የተሳሳተው። ጭሮ ያለውን ሾፌር ሁሉ ይጠይቁ።»

ሽፋኑን ወረወረልኝ። ሁለት ጎልማሶች ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ፈገግ ብለዋል። ጀርባውንም አየሁ።

«ሚስትየዋስ?»

«የምን ሚስት?»

«በቀጭን ድምፅ የምትዘፍነው። የምትጠብቀው።»

ሙሴ ዳሂር በጣቱ አንደኛውን ሰውዬ ነካ አደረገልኝ። ጢም ነበረው። ስንት ዓመት ነው ለዚህ ሰው ያዘንኩት! የኦቦ ጂብሪልን የሽማግሌ ነገር ስነግረው እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ዓይኑን ጠርጎ «የእናንተ ተራ እንዴት ነው?» አለ።

ለግርማ ደወልኩ። እንደ ደንቡ ማንም አላወራም። ሙሴ ዳሂር ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ከበዴሳ እስከ ገለምሶ ሰማ። ሰው ሲወርድ፣ አንድ ፍየል ስትጮህ፣ «ሾፌር፣ ወራጅ አለ» ሲባል ሁሉ። በማግስቱ መርፌውን በእጁ እያነሳ እያሳረፈ በእኛ ተራ ሲያጫውት ሰማሁት።

«ለመንገድ የእናንተ ይሻላል» አለኝ ደረጃው ላይ ስንገናኝ። «ለመቀመጥ የእኔ።»

በዚያው ሳምንት ወንበሮቹ ከክፍሉ ወጡ። «ልጅቷ ደረጃ ላይ አትሮጥም» አለ። «ባልህ ካሴቱን ይዞ ይመጣል። ሽንኩርቱን እናያለን።»

ግርማ ሚኒባሱን ሚኤሶ ላይ ለወንድሙ ሊያስረክብ ተስማማ። ነገር ግን ለዘለቄታው አላለም፤ «ሐናን አድርሼ፣ አገሩን አይቼ ነው የምወስነው» ብሎኛል። ከመሪ ሌላ ምንም ይዞ አያውቅም። እዚህ ደግሞ መሪ የሚሰጠው ቶሎ ላይገኝ ይችላል። ይህን እያሰብኩ አልጋውን ሁለት ጊዜ አንጥፌዋለሁ።

ዛሬ አመሻሽ ላይ ስልኬ ጮኸ። ሐና ናት።

«እማዬ፣ ወደ ሚኤሶ እየወረድን ነው። ነገ በባቡሩ እንመጣለን።»

«አባትሽስ?»

«እየነዳ ነው፣ አያወራም።»

ከኋላዋ ፒያኖው ይሰማል። «ካሴቱን ከፈተው እንዴ?»

«እኔ ነኝ የከፈትኩት። አይሰራም ሲለኝ ነበር። ይሰራል እኮ።»

ኩኒ ልል አፌን ከፈትኩ፤ ኩኒ አይደለም። ፉጨቱ መጣ፤ በዴሳም አይደለም። በዚያ ቁልቁለት የትኛው ዘፈን የት እንደሚያደርስ አላውቅም። ስለዚህ እንደ ወትሮዬ ሰምቼ አልዘጋሁም። ስልኩን ይዤ መስኮቱ ላይ ቆምኩ፣ ሙሴ ዳሂርም ከላይ ሸክላውን አጠፋልኝ፤ ካሴቱ የት እንደሚገለበጥ ለመስማት።