ሰላምታ ያቆማት ብስክሌተኛ

ሰፈሩ «ሽቦ» ነበር የሚላት። ስሙን ያወጡላት የታክሲ ረዳቶች ናቸው። ቀጭን ናት፣ ፀሐይ ያጠቆራት፤ በሁለት መኪና መካከል ሾልካ ስትመጣ «ሽቦዋ መጣችልህ፣ መስታወትህን እጠፍ» ይባባሉ ነበር። ስድብም ቢሆን ወደደችው፣ ከዚያ በኋላ በእናት አባቷ ስም የሚጠራት ጠፋ። አባቷ ግን ነገሩ አልጣመውም። ጡረታ የወጣ የከተማ አውቶብስ ሾፌር ነው፤ ብስክሌት ማለት ለእሱ ከቀኝ በኩል ሳይታሰብ ብቅ የሚል ጣጣ ነው። «ዕድሜ ልኬን ብስክሌት ላለመግጨት ስጠነቀቅ ኖሬ፣ ጭራሽ እኔው ቤት ይብቀል?» ይላል ከጎረቤት ጋር ሲጫወት። ይበል እንጂ፣ ውድድር ባለባት ቀን ከሰው ሁሉ ቀድሞ መንገድ ዳር የሚቆመው እሱ ነበር። ስታልፍ አያጨበጭብም። ዓይኑ ጎማዋ ላይ ነው፣ ነፋሱ ልክ መሆኑን ያያል።

እናቷ የሞተችው ሽቦ ገና ድክ ድክ ስትል ነው። የእናትን ቦታ የሸፈኑላት ከአጥራቸው ማዶ የሚኖሩት ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሰፈሩ «እትዬ መርፌ» ይላቸዋል። ፀጉሯን የጎነጎኑላት፣ ትኩሳት ሲይዛት ያደሩላት፣ ልጅነቷ ሲያልቅ ማወቅ ያለባትን በጆሮዋ የነገሯት እሳቸው ናቸው። ክለብ ገብታ የወንድ መለያ ሲሰጧትም ልብሱን ተርትረው በልኳ መልሰው የሰፉት፣ ከሱሪው ሥር ስፖንጅ የደረቡት እሳቸው ነበሩ። «ይሄ ኮርቻ የምትሉት ነገር የሰው ጠላት ነው» ይሏታል፣ አፋቸው ውስጥ ስፒል እንደያዙ። አንድ ልጅ አላቸው፣ ለውሃ መሥሪያ ቤት ቆጣሪ የሚያነብ። ዝምተኛ ነው፤ ሰው ሲያናግረው ወለል ወለሉን የሚያይ ዓይነት። እሷና እሱ በአንድ ጭን ላይ ተኝተው ያደጉ ናቸውና እንደ ወንድምና እህት ሳይነጋገሩ ይግባባሉ።

ለሽቦ ብስክሌት ደመወዝ የሚከፈላት ሥራ ነበር። ግን አንደኛ እንድትወጣ አልተቀጠረችም። ሥራዋ የቡድኑን አንደኛ ከነፋስ መከለል ነው፤ ከፊት ሆና ነፋሱን ትሰብራለች፣ ውሃ ታቀብላለች፣ ዳገቱ ሊያልቅ ሲል ጉልበቷን ጨርሳ ወደ ጎን ትወጣና ሌላዋ ታሸንፋለች። «ታዲያ አንቺ ምን ተጠቀምሽ?» ሲሏት «በር መክፈትም ሙያ ነው» ትላለች፤ ከልቧ ነበር።

ቤቷ ከከተማው ጫፍ፣ የክለቡ ጋራዥ ደግሞ በሌላው ጫፍ ነው። ማለዳ ሥራ ከሚገባው ሕዝብ ጋር እየተጋፋች በብስክሌቷ ትሄዳለች፣ ማታም እንዲሁ ትመለሳለች። በዚያ መንገድ ላይ ከአስፋልቱ ጠርዝ እስከ ቦዩ ያለችው አንዲት ስንዝር የእሷ ናት። ማን እንደሰጣት አታውቅም፣ ሕግ ላይ ተጽፎ እንደሆነም ጠይቃ አታውቅም። በየማለዳው ትይዛታለች፣ በየማለዳው አንዱ ሚኒባስ ሊቀማት ይመጣል። ክርኗን ዘርጋ አድርጋ ካልነዳች ቦይ ውስጥ ናት። ሬዲዮ ላይ ስለ መብት ሲወራ የምትታያት ያቺ ስንዝር ነበረች። ከዚያ ወዲያ ያለውን የተማረ ይጨነቅበት ብላ ትተዋለች።

አንድ ጊዜ የሰፈር ስብሰባ ተጠራ። በላይኛው መንደር ቤቶች ሊፈርሱ ነው ተባለ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሲያዳምጥ ያ ዝምተኛው ቆጣሪ አንባቢ እጁን አወጣና «የሚፈርሰው በየትኛው ሕግ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሌላ አልጨመረም። ከኋላ የተቀመጡት አጨበጨቡለት። ጥፋቱ ጥያቄው ይሁን ጭብጨባው እስከ ዛሬ የነገራቸው የለም፤ ብዙም ሳይቆይ ሥራ ላይ እንዳለ፣ የቆጣሪ ሳጥን መክፈቻውን በእጁ እንደያዘ ወሰዱት።

እትዬ መርፌ የስፌት መኪናቸውን ሸፍነው በየፖሊስ ጣቢያው ዞሩ። እዚህ የለም፣ እዚያ ጠይቂ፣ ነገ ነይ። በኋላ ልጆቻቸው እንደ እሳቸው የጠፉባቸው እናቶች አገኙና ፍርድ ቤቱ ደረጃ ፊት ለፊት አብረዋቸው መቆም ጀመሩ። አይጮኹም፣ መንገድ አይዘጉም። የልጆቻቸውን ፎቶ ደረታቸው ላይ ይዘው ይቆማሉ፣ ሲደክማቸው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ።

የሽቦ ቡድን ለብዙ ቀን ውድድር ወደ ውጭ አገር ሊበር የተቃረበበት ሰሞን ነበር። አነዳዷን በምስል ያየ አንድ የውጭ ቡድን እዚያ ስትመጣ ሊያነጋግራት እንደሚፈልግ አሠልጣኟ ሹክ ብሏታል። ለአባቷ እንኳ አልነገረችም፣ ነገሩ ሳይያዝ አይወራም ብላ። ከልምምድ ስትመለስ በፍርድ ቤቱ በኩል ወረደች። እትዬ መርፌ ከመሥመሩ ጫፍ ቆመዋል።

ብስክሌት ላይ ያለ ሰው እጁን አንሥቶ ማለፍ ይችላል። ለእኩያ ያ ይበቃል። ያሳደገችን ሴት ግን ከላይ ሆኖ በእጅ ሰላም ብሎ ማለፍ ነውር ነው። ወረደች።

«እንደምን ዋሉ እትዬ?»

«ይመስገን ልጄ። ላብሽ ሳይደርቅ ነፋስ ላይ አትቁሚ።»

«የሰሙት ነገር አለ?»

«ምን ይሰማል ብለሽ ነው።» ነፋሱ ሻሻቸውን ፈታውና ጫፉን በአንድ እጃቸው ያዙት። «እስቲ ይቺን ያዢልኝ» አሉና የልጃቸውን ፎቶ ሰጧት።

ሻሹን እስኪያስሩ ያዘችላቸው። ፎቶውን እንደ ዕቃ አልጠቀለለችውም፤ የምታውቀው ሰው ፊት ነውና ቀና አድርጋ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አደረገችው። ደረቷ ላይ የክለቡ ስም በትልቁ ተጽፏል። ከመንገዱ ማዶ አንድ ሰው ፎቶ አነሣ። መልሳ ሰጠቻቸው፣ ጉንጫቸውን ሳመች፣ ብስክሌቷ ላይ ወጣች።

የያዟት አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ሻንጣዋ ገብቶ፣ ጓደኞቿ ተሰልፈው፣ የእሷ ፓስፖርት ጋ ሲደርስ ሰውየው ኮምፒዩተሩን አየና «እህቴ፣ ወደዚህ ነይ እስቲ» አላት። የቡድኑ አንደኛ ሁለቴ ዞራ አየቻት። አሠልጣኙ ሰዓቱን አየ። ከዚያ ሁሉም ገቡ።

መርማሪው ያን ከመንገዱ ማዶ የተነሣ ፎቶ ጠረጴዛ ላይ አደረገላት።

«ይሄን ማን አስያዘሽ?»

«እትዬ ናቸው። ሻሻቸውን እስኪያስሩ።»

«ሻሻቸውን እስኪያስሩ።»

«አዎ።»

«ከዚያ ሁሉ ሰው አንቺን ለምን መረጡ?»

«አጠገባቸው ስለነበርኩ።»

«አጠገባቸው ምን ትሠሪያለሽ?»

«ሰላም ልል ወርጄ።»

መርማሪው ብዕሩን አስቀመጠ። ክፉ ሰው አይመስልም፤ እንደደከመው ነው የሚያስታውቀው። «ሰላም ለማለት ብሎ ከብስክሌት የሚወርድ ሰው የለም» አላት። እውነቱን ተናግራ ጨርሳለች፤ ከእውነቱ ሌላ ያዘጋጀችው አልነበረም።

የገባችበት ክፍል ሴቶች በጎን በጎናቸው ነበር የሚተኙት፣ በጀርባ የሚተኛ ቦታ የለም። አንዷ መገልበጥ ስትፈልግ ሁሉም አብረው ይገለበጣሉ። እግሯ ግን ይህን አልለመደም፤ ተኝታም ፔዳል ይገፋል። አጠገቧ ያለችው ሴት ጭኗን በመዳፏ ይዛ «ደረስን፣ ደረስን፣ አሁን ውረጂ» ትላታለች፤ ያኔ ሁሉም ይስቃሉ።

አባቷ በየቀኑ በሁለት አውቶብስ ምግብ ያመላልስ ነበር። ሲነዳው የኖረውን መሥመር አሁን ቆሞ፣ ከላይ ብረቱን ተንጠልጥሎ፣ ሳህኑን በሌላ እጁ ከግፊያው እየጠበቀ ይሄዳል። አንዳንዱ ሾፌር ያውቀዋል። «አባባ፣ ወዴት ነው በየቀኑ?» ሲሉት «ልምምድ ላይ ናት፣ ምሳዋን ላደርስ ነው» ይላል። አንዳንድ ቀን ዘበኛው ይቀበለዋል፣ አንዳንድ ቀን መልስ ይለዋል። የመለሰውን ምግብ ይዞ አይገባም፤ ፌርማታው ላይ ለሚያገኘው ይሰጣል። ባዶ ሳህን ይዞ ሲገባ ጎረቤት በላች ብሎ ደስ ይለዋል።

ወራት አልፈው ለቀቋት። ሲይዟት ምክንያት እንዳልነገሯት ሲለቋትም አልነገሯትም፤ ፓስፖርቷን ግን አስቀሩ። ክለቡ ስትሄድ ሥራ አስኪያጁ ቁጭ በይ አላላትም። «ስፖርትና ፖለቲካ አንድ ላይ አይሄዱም» አላት።

«እኔ እኮ ሰላምታ ነው የሰጠሁት።»

«እሱን እኔም አውቃለሁ» አለ፣ በሩን በዓይኑ እያየ። ከሁሉ የጎዳት ይሄ ነው። ባያምናት ይሻላት ነበር። የክለቡን ብስክሌት አስረክባ ወጣች።

የመድኃኒት መጋዘን ገባች፣ ካርቶን ላይ መለያ መለጠፍ። አሁን የምትሄደው በአውቶብስ ነው። መንገዱ ያው ነው፤ መስኮቱ በሰው ጀርባ ተሸፍኖባት እንኳ የት እንደደረሱ ታውቃለች፣ ዳገቱ ሲጀምር ጭኗ ይነግራታል። አውቶብስ ውስጥ ድሮ ሰው ያወራ ነበር፣ ያማ ነበር። አሁን አንዱ ስለ ኑሮ ከጀመረ ሌላው ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ወሬው እዚያው ይሞታል። ዝምታውን ማንም አላወጀውም። ሁሉም ስንዝሩን አስረክቦ ቦይ ቦዩን እየሄደ ነው ብላ አሰበች፤ ለማን ትነግረዋለች።

ሽቦ ከተፈታች ጀምሮ እትዬ መርፌ ይሸሿት ነበር። ከሩቅ ሲያዩዋት መንገድ ይሻገራሉ። እሷም አልፈለገቻቸውም፤ ቂም ይሁን ድካም ለራሷም አልለየላትም። በመጨረሻ አባቷ ነው የተናገረው።

«ሴትዮዋ እኮ መኪናቸውን ካቆሙ ሰነበቱ። የስፌቱን ድምፅ አልሰማም።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ አባዬ?»

«በራቸውን አንኳኪ። ሌላ ምን ታደርጊያለሽ።»

አንኳኳች። እትዬ መርፌ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል፣ ግማሽ ሆነዋል። ሲያዩዋት ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። «ምነው ያን ቀን ነፋሱ ራሴን ይዞት በሄደ» አሉ።

«ተዉ እትዬ።»

«እንዴት እተዋለሁ? የእኔ አንሶ የሰው ልጅ አስበላሁ።»

«የሰው ልጅ ነኝ እንዴ?» አለቻቸው። ከዚያ ሁለቱም ማልቀስ ነው የያዙት። ለምሬት ይሁን ለዕርቅ ሳይለይ ተላቀሱና ሻይ ጣደች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሥራ ስትመለስ እሳቸው ጋ ጎራ ሳትል ቤቷ አትገባም። ብርታት ባገኙ ቁጥር መኪናቸው ላይ ይቀመጡና ለልጃቸው ሱሪ ይሰፋሉ። ልኩን በግምት ነው የሚቆርጡት፤ አንዱን ጨርሰው ሌላውን ሲጀምሩ ወገቡን ከበፊተኛው ያጠቡታል። «ከስቶ ይሆናል» ይላሉ። ሽቦ መርፌ ክር ታስገባላቸዋለች፣ ዓይናቸው እምቢ ብሏልና። ልጃቸው ሳይደርስላቸው ሞቱ። የቀበራቸው ሰፈሩ ነው፤ አፈር የመለሰው የሽቦ አባት።

ዓመታት አልፈው ፓስፖርቷን መለሱላት፣ ለምን አሁን እንደሆነ ሳይነግሯት። ገልጣ አየችው፤ ፎቶው ላይ ያለችው ልጅ ጉንጯ በፀሐይ የተላጠ ናት፣ ዓይኗ ወዴትም ልሂድ የሚል። እሷ ደግሞ ጉልበቷ ደረጃ ሲወጣ ይንጣጣል፣ አብረዋት የነበሩትም ውድድር አቁመው አሠልጣኝ ሆነዋል። መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

ቆጣሪ አንባቢው የተፈታው ከዚያ በኋላ ነው። ከብዙ ሰው ጋር በጅምላ ለቀቁት። የእናቱን መሞት የነገረው የሽቦ አባት ነው፣ በር ላይ ቆሞ። ልጁ ሰማና እንደ ልማዱ ወለሉን አየ። መሥሪያ ቤቱ በሌላ ሥራ መለሰው። አውቶብስ ግን መሳፈር አልቻለም፤ ሰው ሲጠጋጋበት ትንፋሽ ያጥረዋል። በእግሩ ይሄዳል፣ ማለዳ ተነሥቶ።

አንድ ማለዳ ሽቦ ከፌርማታው ሰልፍ ወጥታ ተከተለችው። ጎን ለጎን ሄዱ። ብዙ ከሄዱ በኋላ «ምን ትል ነበር?» አላት። ማን እንደሆነች መጠየቅ አላስፈለጋትም።

«ሱሪ ይሰፉልህ ነበር።»

«አገኘሁት። ሣጥኑ ሙሉ ነው።» የለበሰውን ወገቡ ላይ ያዘ። «ይሄ ከሁሉም ጠባቡ ነው። ይሄም ይሰፋኛል።»

ሽቦ ወደ መንገዱ ዞረች።

«በእኔ የተነሣ የሆነብሽን ነግረውኛል» አለ።

«በአንተ የተነሣ አይደለም።»

«በማን ነው ታዲያ?»

«ተወው፣ ይረፍድብሃል» አለችው። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ተሰነባበቱና እሱ ወደ ላይ፣ እሷ ወደ መጋዘኑ ሄደች።

ያን ቀን አንድ ካርቶን ሙሉ መለያ ገልብጣ ለጠፈች። አለቃዋ መጥቶ አየና «ምነው፣ ምን ሆንሽ?» ቢላት «እንቅልፍ አልጠገብኩም» አለችው። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ በጥፍሯ አንድ በአንድ ስትልጥ ዋለች።