የሚስተር ሞንዳልን አማች በትከሻዬ ያስገባሁ ዕለት

ከአዲስ አበባ በተነሳሁበት ምሽት ባለቤቴ ሰላማዊት ኤርፖርቱ በር ላይ ኮሌታዬን እያስተካከለች «ቤት ሳትይዝ እንዳትጠራኝ» አለችኝ። ቀላል ነገር መስሎኝ እሺ አልኳት። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

ወገኖቼ፣ ሲያትል መጥቼ ለእኔ ቤት ማለት ከከተማው ወጣ ብሎ ማውንትሌክ ቴራስ ያለ ቤዝመንት፣ ማለትም ምድር ቤት ነበር። አከራዬ ሚስተር ሞንዳል ቤንጋሊ ናቸው፣ ከኮልካታ ከመጡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ደግ ሰው ናቸው፣ ደንባቸው ግን ከኢሚግሬሽን ይብሳል። የሰላማዊት ቪዛ ሊወጣ ሲቃረብ፣ ሚስቴ መጥታ አብራኝ ብትኖርስ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ኮንትራቱ ለአንድ ሰው ነው።»

«እሷ ቀጭን ናት» አልኩ።

«ብትቀጥንም ትተነፍሳለች። ግድግዳው ይረጥባል።»

«እኔስ እየተነፈስኩ አይደል?»

«አንተን ታግሼሃለሁ።»

ከዚያ ልጃቸው ሪያ ልታገባ ሆነና እኔንም ጠሩኝ። በሰርግ ቀን የሰው ልብ ይራራል፣ እዚያው እጠይቃቸዋለሁ ብዬ ሱፌን ተኩሼ ሄድኩ።

ሰርጉ እዚያው ሲያትል ሶዶ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ቀድሞ መጋዘን በነበረ አዳራሽ ነበር። ስደርስ ሙሽራው ሹል ነጭ ዘውድ ደፍቶ በካፊያ ውጭ ቆሟል። የሙሽሪት ጓደኞች በሩ ላይ ሪባን ዘርግተው ስጦታ ካልተሰጠን አናሳልፍም ይላሉ። ደስ አለኝ፣ እኛም አገር ሙሽራ በር ላይ ይከለከላል። ግን እኛ ዘንድ ሚዜ ገፍቶ ይገባል፣ የዚህኛው ጓደኞች እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ይደራደራሉ። እኔ አራት ጊዜ ሚዜ ሆኛለሁ፣ ሙሽራዬን ዝናብ አስመትቼ አላውቅም። አላስቻለኝም። የሙሽራውን ክንድ ያዝኩና በትከሻዬ እየገፋሁ ይዤው ገባሁ። ሪባኑ ተበጠሰ፣ ዘውዱ ጆሮው ላይ ወረደ፣ እኔም አዳራሹ መሃል ቆሜ ጭብጨባ ጠበቅኩ።

ማንም አላጨበጨበም። ለካ የሙሽሪት እናት በመብራትና በጣፋጭ ሳይቀበሉት መግባት የለበትም። እናትየው ትሪያቸውን ይዘው በሩ ላይ ሲደርሱ የሚቀበሉት ሙሽራ የለም።

ሚስተር ሞንዳል መጡ። «አንተ የማን ወገን ነህ?»

«የእርስዎ።»

«የእኔ ከሆንክ ለምን አስገባኸው?»

የሰላማዊት ነገር እዚያው አበቃ ብዬ ደነገጥኩ። ሙሽራው ተመልሶ እንዲወጣ ተደረገ፣ እኔ ደግሞ ለቅጣት ከልጃገረዶቹ ጋር ቆሜ በሩን እንድዘጋ ተፈረደብኝ። ዘጋሁት። የሙሽራው አጎት ሁለት ካርቶን ጣፋጭ አመጡ፣ ልጆቹ እሺ ሲሉ እኔ እምቢ አልኩ። ሦስተኛው መጣ፣ አሁንም እምቢ።

«ብራዘር፣ በቃ፣ በሰበስኩ እኮ» አለኝ ሙሽራው ራሱ። የሙሽሪት እናት ከሳቃቸው የተነሳ ትሪውን ለሰው አስያዙ።

ማዕድ ላይ የዓሣ እሾህ እየለቀምኩ ሳለ እናትየው አጠገቤ ተቀመጡና ሚስትህ የት ናት አሉኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ወደ ባላቸው ዞረው «የሪያ ክፍል ከነገ ጀምሮ ባዶ ነው» አሏቸው።

ሚስተር ሞንዳል መነጽራቸውን አውልቀው በናፕኪን ጠረጉ፣ ቀጥሎ ዓይናቸውን። «ግድግዳው ላይ ያሉትን ፎቶዎች አትነቅሉም» አሉኝ። እሺ አልኩ። ያን ያህል ስመኘው የኖርኩት ነገር ሲሳካ አፍራለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ኮል አደረግኩ። ሰላማዊት እልል አለች። ከዚያ አባቷ ስልኩን ተቀበሏት።

«ቤት አገኘህ አሉ።»

«አዎ አባባ።»

«ሰፊ ነው?»

«ሰፊ ነው፣ መስኮትም አለው።»

«ብርድ አይገባም?»

«አይገባም።»

«እና መቼ ነው የምትወስዳት?»

ወሩንም ቀኑንም እኔ አውቀው ነበር፣ ግን ሚስተር ሞንዳል ዓይናቸውን ሲጠርጉ ታየኝ።

«አባባ፣ እርስዎ ጤናዎ እንዴት ነው?» አልኩ።