የጋሼ ቋጠሮ ገመድ

ጋሼ ቋጠሮ በሰማንያ ሰባት ዓመታቸው ማክሰኞ ጠዋት አረፉ። ቀብራቸው ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት እንዲሆን ተወሰነ። ረቡዕ አምስት ሰዓት ላይ ግን ቤተሰቡና ጎረቤቱ መኝታ ቤታቸው ውስጥ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ከቦ ላብ በላብ ሆኖ ነበር። ሳጥኑ ውስጥ የውትድርና ካፖርታቸው አለ። ሟቹ ለሚስታቸው ደጋግመው የተናዘዙት ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ ካፖርት አስከሬናቸው ላይ ሳይደረብ እንዳይሸኟቸው። ሳጥኑ በገመድ ታስሯል። ያሰሩት እሳቸው ናቸው። ጣጣው ይኸው ነው።

የሰውዬውን ቋጠሮ ላላየ ማስረዳት ይከብዳል። ከጦርነት ሁለት የቀኝ እጃቸውን ጣቶች አጥተው ከተመለሱ በኋላ፣ አርባ ዓመት ሙሉ በጭነት መኪናዎች ማቆሚያ ጭነት አሳሪ ሆነው ሠሩ። ሌላው አሳሪ ሸራውን አልብሶ፣ ገመዱን በእግሩ ረግጦ ይጎትትና «በሰላም ግባ» ብሎ ሾፌሩን ይሸኛል። እሳቸው ያሰሩት ጭነት ምርቃት አያሻውም። አንድ ሾፌር ገደል ገብቶ፣ መኪናው ሦስቴ ተገለባብጦ፣ ከወር በኋላ እጁም እግሩም አንገቱም በጀሶ ተጠቅልሎ ሊያመሰግናቸው መጣ። ከዚያ ሁሉ ሳይጎዳ የተረፈው ጭነቱ ብቻ ነበር። ጭነቱም ብርጭቆ ነበር።

ልጆቻቸው የጫማቸውን ክር አባታቸው ካሰሩላቸው ከነጫማቸው ይተኛሉ። የሰፈሩ አጥር፣ የልብስ ማስጫው፣ የላላ ትዳር እንኳ እሳቸው ከገቡበት ይጠብቃል። የሻይ ቤታችን በር በነፋስ ሲንገጫገጭ ሰምተው አንድ ቀን በገመድ ቢያስሩት፣ ባለቤቱ ሁለት ቀን በመስኮት ሲገባና ሲወጣ ከረመ። እኛም ደንበኞቹ በመስኮት ነበር የምንገባው፤ ሻዩ ለዚያ ሁሉ ድካም የሚበቃ ሆኖ አይደለም።

ታዲያ ባለ ስምንት ጣት ሰው እንዴት እንዲህ ያስራል ለሚል፣ ምስጢሩ ሚስታቸው ናቸው፤ ሰፈሩ እትዬ የሚላቸው። ቤት ውስጥ ሲያስሩ ገመዱ የሚሻገርበት ቦታ ላይ ሲደርሱ «ጣትሽን አምጪ» ይላሉ። እትዬ የያዙትን ጥለው መጥተው ሌባ ጣታቸውን ይጫኑበታል። «ቶሎ በል፣ ጣቴ ደነዘዘ» ይላሉ። እሳቸው ሆን ብለው ይንቀራፈፋሉ። «ያገባኋት ለጣቷ ነው፣ የቀረው ምርቃት ነው» እያሉም ያስቁን ነበር።

አንድ ሕግ ነበራቸው። ገመድ አይቆረጥም፤ የታሰረ ይፈታል። ልጅ ቢላ ይዞ ወደ ገመድ ሲጠጋ ካዩ የሰው ነፍስ ሊያጠፋ የተነሣ ያህል ይቆጡ ነበር። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። የሽማግሌ አመል ነው ብለን አለፍነው።

እናም ያን ረቡዕ መጀመሪያ የቀረበው ድልድይ የሚሠራው ትልቁ ልጃቸው፣ መሐንዲሱ ነው። ተንበርክኮ ቋጠሮውን ከፊትም ከጎንም አጠናው፣ ወረቀት አስመጥቶም ሳለው። ሥዕሉ አማረ። ገመዱ ንቅንቅ አላለም። ከሱ ቀጥሎ ለለቅሶ የመጡት ሾፌሮች ተራ ገቡ፤ በጎተቱት ቁጥር እየጠበቀ ሄደ። በጥርሱ የሞከረም ለቀስተኛ ነበር። ጥርሱ የራሱ ስላልነበረ ጉዳቱ አልከፋም።

ሰባት ሰዓት ተኩል ሲሆን መሐንዲሱ ከወጥ ቤት ቢላ ይዞ ገባ። ሰው ውጭ እየጠበቀ መሆኑን፣ ገመድ ማለት ገመድ እንደሆነ፣ ነገ አዲስ እንደሚገዛ ለእናቱ አስረዳ። እትዬ ቀና ብለው የባላቸውን የጦር ሜዳ ጓደኛ፣ ሽማግሌውን ፀጉር አስተካካይ ብቻ አዩ።

ፀጉር አስተካካዩ ከተቀመጡበት በምርኩዛቸው ተነሡ።

«አስቀምጠው ልጄ» አሉ። «ያኔ ገመድ ቢቆረጥ ኖሮ እኔ ዛሬ እዚህ የለሁም።»

ይህን ሲሉ ግማሾቻችን መሬት መሬት አየን። ሰውዬው ጦርነቱ ላይ የሞላ ወንዝ ዋኝተው መሻገራቸውን ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሻይ ቤት ውስጥ ሲተርኩልን ኖረዋል። ወንዙም ዓመት በዓመት ይሰፋ ነበር፤ በመጨረሻ ባሕር ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ጋሼ ቋጠሮም አጠገባቸው ተቀምጠው ሻያቸውን እያማሰሉ «እውነት ነው፣ እንደ ዓሣ ነበር» እያሉ ይመሰክሩላቸው ነበር።

እውነቱን በዚያ ቀን ሰማን። ፀጉር አስተካካዩ ዋና አያውቁም። እግራቸውን ቆስለው በገመድ ታስረው ነበር የሚሻገሩት። መሃል ላይ ሲደርሱ ጎርፉ ገመዱ የታሰረበትን ዛፍ ከነሥሩ ነቀለው። ዳር ላይ የነበሩት ጋሼ ቋጠሮ ገመዱን ቀኝ እጃቸው ላይ ጠመጠሙት። አዛዡ ከኋላ «ቁረጠው፣ ይዞህ ይሄዳል» ብሎ ጮኸ። አልቆረጡም። ገመዱ ሁለት ጣት ወሰደ፤ ሰውን ግን መለሰ።

«አሳፍሮኝ ነው» አሉ ፀጉር አስተካካዩ። «እሱ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ አላሳፈረኝም።»

መሐንዲሱ ቢላውን መስኮቱ ላይ አስቀመጠው። ሰዓቱ ግን አልቆመም፤ ሳጥኑም አልተከፈተም። ያን ጊዜ ነው የመጨረሻዋ ልጃቸው፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ውሃ የያዘ ትሪ ይዛ የገባችው። ከጠዋት ጀምሮ ለቀስተኛ ስታስተናግድ ስለ ሳጥኑ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ቋጠሮውን አየችና ሁሉም በየትኛው እጃቸው እንደሞከሩ ጠየቀች። መሐንዲሱ ቀኝ እጁን አየ።

እሷ ከተፈጥሮዋ ግራኝ ናት። በሰባት ዓመቷ አስተማሪው በግራ እጇ ጻፈች ብሎ ጣቶቿን በማስመሪያ ሲመታት፣ አባቷ ትምህርት ቤት ሄዱ። እጃቸው ከተጎዳ ወዲህ በግራቸው ማሰር ለመዱ እንጂ መጻፍ እርግፍ አድርገው ትተው ነበር። ያን ዕለት የአስተማሪውን መዝገብ ተቀብለው በግራቸው ፈረሙበት። ፊርማው ዶሮ የጫረችው ይመስላል። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው «እኔንም ምታኝ» አሉት። ማታ ማታ አባትና ልጅ በአንድ ደብተር ፊደል መለማመድ ጀመሩ። ልጅቷ በሁለት ወር ቀደመቻቸው፤ እሳቸውም ለሰው ሁሉ በኩራት አወሩ።

ትሪውን አስቀምጣ ሳጥኑ አጠገብ ተቀመጠች። ቋጠሮው በግራ የታሰረ ነውና ሁሉም ወደ ተቃራኒው ሲጎትቱ ሲያጠብቁት ነው የዋሉት። እሷ አልጎተተችም። በግራ አውራ ጣቷ ገመዱን ወደ ውስጥ ገፋችው። ትንሽ ላላ፤ መሃሉ ግን እየሸሸ አስቸገረ። ሁለቴ ሞክራ ቀና አለች።

«እማዬ፣ ጣትሽን።»

እትዬ መጥተው መሬት ላይ ተቀመጡና ሌባ ጣታቸውን ድሮ በሚያስቀምጡበት ቦታ ላይ ተጫኑ። አንድ ብርጭቆ ሻይ እንኳ በማያስጠጣ ጊዜ ውስጥ ቋጠሮው ተፈታ። መሐንዲሱ ሥዕሉን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ካፖርቱ አስከሬናቸው ላይ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ የቀኝ እጅጌውን ይዘው፣ እያነከሱ፣ እስከ መቃብሩ ሄዱ። እንዲያርፉ ብንለምናቸውም አልለቀቁም።

ከቀብር ስንመለስ፣ ለሽኝት ብቻ ተደርቦ የነበረው ካፖርት ታጥፎ ወደ ሳጥኑ ገባ። መሐንዲሱ ገመዱን ከወለሉ ላይ አንሥቶ ለእህቱ ሰጣትና ቀስ ብላ እንድታሳየው ለመናት። እሷም ዙሪያውን ጠምጥማ መሻገሪያው ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ምናልባት አይኗ እንባ ሞልቶ ይሆናል።

ጣቱ ሳይጠራ መጣ።

«ቶሎ በይ» አሉ እትዬ። «ጣቴ ደነዘዘ።»