ድንጋዩ የቆመበትና ሰውየው ያረፈበት

ባለቤቴ ካረፈ ስምንት ወር ሆነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ ረግቼ መቀመጥ አቅቶኛል። ቤት ውስጥ ስሆን ውጭ የረሳሁት ነገር ያለ ይመስለኛል፤ ስወጣ ደግሞ በሩን ሳልቆልፍ የመጣሁ ይመስለኝና ከመንገድ እመለሳለሁ። የአሰላ ዳገት ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው አይመችም። ገበያ ወርጄ ምን ልገዛ እንደመጣሁ ይጠፋኝና ባዶ ዘንቢሌን ይዤ እያለከለክሁ እወጣለሁ። ጎረቤቶቼ «ሲስተር፣ ዛሬም ስፖርት ላይ ነሽ?» እያሉ ይቀልዱብኛል። ጡረታ እስክወጣ ነርስ ስለነበርኩ ከተማው የሚያውቀኝ በዚህ ነው። ይህንንም የምጽፈው እየተነሳሁ እየተቀመጥኩ ነው፤ አንድ ገጽ ሳምንት ይፈጅብኛል።

ባለቤቴ የታሪክ አስተማሪ ነበር። ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። የአገሩ ሰው መንገድ ሲጠቁም «የጭነት መኪናው የተገለበጠበት ኩርባ» ይላል፤ ለእሱ ግን ያው ኩርባ የአንድ አሮጌ ድልድይ መሠረት የሚታይበት ቦታ ነው። ቅዳሜና እሁድ እየዞረ ድልድዩን፣ የቆመውን ወፍጮ፣ ሽማግሌዎች ጠብ የሚያበርዱበትን ዛፍ፣ በየማሳው ያለውን ትክል ድንጋይ ይመዘግባል። የእጅ ጽሑፉ ዶሮ የጫረችው ይመስል ስለነበር ንጹሑን ግልባጭ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። የክትባት ካርድ ስሞላ የኖርኩ ሰው ነኝና ፊደሌ ያምራል ይባላል።

ገብሱ መታጨድ በጀመረበት ሰሞን፣ ሐሙስ ቀን፣ አንድ ጎልማሳ በሬን አንኳኳ። ባለቤቴ ያስተማረው ልጅ ነበር፤ አሁን የቅርስ ባለሙያ ሆኖ ይሠራል።

«ሲስተር፣ የምሥራች!» አለ ጫማውን ለማውለቅ ጎንበስ እያለ።

«ተው አታውልቅ፤ ወለሉ በረዶ ነው።»

«ቲቸር ቢሆኑ ‹ጭቃህን ይዘህ ግባ፣ የአርሲ አፈር ነው› ይሉኝ ነበር።»

እውነቱን ነው፤ ይለው ነበር። ገብቶ ጠረጴዛው ላይ አንድ ትልቅ ወረቀት ዘረጋ። ወደ ዲክሲስ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከፍ ካለ ቦታ ላይ የቆመ ትክል ድንጋይ አለ። ባለቤቴ ካጠናቸው ሁሉ በጣም የሚወደው እሱን ነበር። ድንጋዩ አጠገብ ታፔላ ሊተከል ነው። አጥር ይታጠራል፣ የእንግዳ መቀመጫ ይሠራል። ከታፔላው ግርጌ የባለቤቴ ስም በአጥኚነት ይጻፋል።

«በቀለም ሳይሆን በብረት ተቆርጦ ነው ሲስተር። ዝናብ አይወስደውም።»

አይኔ እንባ ሞላ። እንባዬን ለመደበቅ ወረቀቱ ላይ አቀረቀርኩ። ያኔ ነው ከድንጋዩ ዝቅ ብላ የተሳለችውን ትንሽ አራት ማዕዘን ያየኋት።

«ይቺስ ምንድን ናት?»

«መጸዳጃ ቤት ናት። ቦታው ጎድጎድ ስለሚል ከመንገድ አትታይም። ጉድጓዱ የፊታችን ሰኞ ይጀመራል።»

«ሻይ ልጨምርልህ?» አልኩት። ሦስተኛውን ብርጭቆ ጠጥቶ፣ መርቆኝ ሄደ። እኔም በሩን ዘግቼ ቤቱን መጥረግ ጀመርኩ፤ ጠዋት የጠረግሁትን ቤት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያቺ አራት ማዕዘን ያረፈችው መቃብር ላይ ነው፤ ይህንን ደግሞ አሁን የማስታውሰው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አምን ነበር።

ልጃችን ገና ጡት ሳትጥል ለክትባት ዘመቻ ወደዚያ ቀበሌ ስሄድ ባለቤቴ ሕፃኗን ሊይዝልኝ ተከተለኝ። ድንጋዩን ያየው ያኔ ነው። ድንጋዩ ያን ጊዜ ከፍታው ላይ አልነበረም። ከታች ከጎድጓዳው፣ ገብስ መሃል፣ ወደ አንድ ጎኑ ዘንበል ብሎ ቆሟል። ከሥሩ ያረፉት የማሳው ባለቤት ቅድመ አያት ናቸው፤ በዘመናቸው ደም የተቃቡ ሰዎችን ያስታርቁ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው ይባላል። በዚያ የሚያልፍ ሰው ለምለም ሳር ነጭቶ ያስቀምጥላቸዋል። ሳር የእርቅ ነው፤ ባለቤቴ በዚህ ተገርሞ የሕፃኗን ጡጦ ማሳው ውስጥ ረስቶ መጣ።

በዓመቱ ስለ አካባቢው ቅርሶች ጽሑፍ ሊወጣ፣ ፎቶ አንሺም ሊመጣ ሆነ። ባለቤቴ እንቅልፍ አጣ። ድንጋዩ ከመንገድ አይታይም፤ ገብሱ ሲያድግ ጫፉ ብቻ ነው የሚቀረው። «ጎልቶ ያልታየ ቅርስ በማረሻ ያልቃል» ይል ነበር። ሄዶ የማሳውን ባለቤት ለመነ። ገበሬው «መንግሥት ከፈለገው እንግዲህ» አለ። ባለቤቴ መንግሥት አልነበረም፤ አላረመውም እንጂ። ወንዶች ተጠሩ፣ በመጫኛ አሰሩት፣ ሁለት ጥማድ በሬ ጎተተው። አርባ እርምጃ ሽቅብ። እኔ ጥላ ይዤ ቆሜ አያለሁ። ድንጋዩ ከፍታው ላይ ሲቆም፣ ከኋላው የጭላሎ ተራራ ደመናውን ገፎ ታየ። ባለቤቴ ባርኔጣውን ወደ ላይ ወረወረ። ሲፈነድቅ ያየሁት ያን ቀንና ልጃችን የተወለደች ቀን ነው።

ማታ ቅጹን ሞላን። አንዱ ጥያቄ «ቅርሱ ከነበረበት ቦታ ተንቀሳቅሶ ያውቃል?» ይላል። ብዕሬን ይዤ ቀና ብዬ አየሁት።

«አያውቅም በይ» አለኝ።

«እንዴት አያውቅም? ዛሬ አይደል እንዴ…»

«አርባ እርምጃ ምኑ መንቀሳቀስ ይባላል? ‹ተንቀሳቅሷል› ካልን ከዝርዝሩ ይሰርዙታል። በኋላ አስተካክላለሁ። ጻፊ እባክሽ።»

«አያውቅም» ብዬ ጻፍኩ፤ በዚያ ያምራል በሚሉት ፊደሌ። በኋላ የተባለው ጊዜ አልመጣም። እኔም «አስተካክል» አላልኩትም፤ ልክ እንዳልሆነ ግን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

እንግዲህ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ የሆንኩትን አልነግራችሁም። ዝም ብል፣ ሰው ሳር በሚያስቀምጥበት መቃብር ላይ ሽንት ቤት ይቆፈራል። ብናገር፣ የሞተ ባሌ መልስ መስጠት በማይችልበት ሰዓት ውሸታም ይባላል፣ ስሙም ከብረቱ ይወርዳል። አርብ ዕለት መናኸሪያ ሄጄ ዲክሲስ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ተቀመጥኩ። ከተማውን ሳንወጣ «ወራጅ አለ!» ብዬ ወረድኩ። ረዳቱ «እማማ፣ ለእግር ጉዞ ነው የሚሳፈሩት?» አለኝ፤ ተሳፋሪው ሳቀብኝ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ቅዳሜ ሄድኩ። ኮምባይነሩ ግማሹን ማሳ ጨርሶ ቆሟል፤ ነፋሱ ገለባውን ያባርራል። መጀመሪያ ድንጋዩ ጋ ወጣሁ። ጫፉ የወፍ ኩስ ነው፤ ሥሩ ላይ ምንም የለም፤ አንድ ዘለላ ሳር እንኳ አልነበረም። ልማዱ ቀርቷል ማለት ነው ብዬ አዘንኩ፤ ትንሽም ቀለለኝ፤ ማንም የማያስታውሰው ከሆነ የማን ሙት ይነካል? ከዚያ ወደ ጎድጓዳው ወረድኩ።

ሳሩ እዚያ ነበር። ከታጨደው ገለባ መሃል፣ ማረሻ ያልነካው የአልጋ ያህል መሬት አለ። በላዩ ላይ ሳር ተነባብሯል፤ ከሥር የጠቆረ፣ መሃሉ የደረቀ፣ ከላይ ደግሞ ዛሬ ጠዋት የተነጨ፣ ገና ያልጠወለገ።

«መኪና አመለጠሽ?» የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ፤ በኦሮምኛ። ዞር ስል የማሳው ባለቤት ሚስት ናቸው፤ ምርኩዝ ይዘዋል። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። እኔም እንደ አገሩ ወግ «አኮ» እላቸዋለሁ፤ አያቴ እንደማለት ነው።

«አኮ፣ አላወቁኝም?»

ጠጋ ብለው አዩኝ። «የመርፌዋ! ክንዴን እስከ ዛሬ ብርድ ሲሆን ያመኛል፤ ያንቺ ሥራ ነው።» ከዚያ ጥቁር ልብሴን አይተው ድምፃቸው ወረደ። «የድንጋዩ አስተማሪ?»

«አዎ፤ ሰባት ወሩ።»

እጄን ይዘው ቆዩ። ከዚያ ወደ ሳሩ እያየሁ «እርስዎ ነዎት ያስቀመጡት?» አልኳቸው።

«እኔም፣ ምራቴም፣ መንገደኛውም። ሰውየው እዚህ ነዋ ያለው። የሄደው ድንጋዩ ነው።»

«ታዲያ ያኔ ለምን ዝም አላችሁ?»

ሳቁ። «ባልሽ ባርኔጣውን ሲወረውር አላየሽም? ባሌ ማታ ‹መልሰው ብንለው ያፍራል፤ እንግዳን ደግሞ በደስታው ቀን አያሳፍሩትም› አለ። ድንጋዩ እንግዳ ይቀበል፣ ሳሩን እኛ ለሰውየው እንወስዳለን አልን።» ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «በየዓመቱ ይመጣ ነበር፤ ይሄ አስተማሪ። እላይ ድንጋዩ ጋ ይቀመጣል። ግን አንድ ቀን እንኳ ወደዚህ አልወረደም። ቡና ጠጣ ስንለው እንኳ በላይኛው መንገድ ዞሮ ነው የሚመጣው።»

በየዓመቱ ወደዚህ መምጣቱን አላውቅም ነበር። «ለስብሰባ ነው» ይለኝ ነበር።

የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ጉድጓዱ ሰኞ እንደሚጀመር፣ ምን ጉድጓድ እንደሆነ። መጀመሪያ ያልገባቸው መሰለኝ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ።

«በሰውየው ላይ? ማን አባቱ ነው እንዲህ ብሎ የጻፈ?»

«እኔ ነኝ፣ አኮ። ‹ድንጋዩ ከቦታው ተንቀሳቅሶ አያውቅም› ብዬ ወረቀቱ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው መናገሬ ነበር። ቁጣ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ጉዳዩን እንደ ቤት ሥራ ነው የያዙት፦ «እንግዲያው ሂጂና በጻፍሽበት እጅሽ ደምስሺው።»

«የባሌ ስም ታፔላው ላይ ሊወጣ ነበር። ይቀራል።»

«የኔ ባል ስሙ የተጻፈው የማዳበሪያ ዝርዝር ላይ ብቻ ነው» አሉ አኮ። «እሱም ተሳስተው ነው የጻፉት።»

ሰኞ ቢሮው ሲከፈት በር ላይ ነበርኩ። ባለሙያው ሁሉንም ሰማኝ፤ ስጨርስ ተነስቶ በሩን ዘጋ።

«ሲስተር፣ ይህን ለማንም አይንገሩ። ጉድጓዱን ወደ ማዶ፣ ባሕር ዛፉ ጋ አዛውረዋለሁ። አፈሩ ውሃ ያዘለ ነው እላለሁ፤ ማን ይጠይቀኛል? መቃብሩም ይተርፋል፣ የቲቸርም ስም ይተርፋል።»

ይህን አልጠበቅሁም ነበር። መልካም ሐሳብ ነው። ተነስቼ ወደ መስኮቱ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ሄድኩ። እሺ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ግን ወረቀቱ መዝገብ ቤት እንዳለ ይቀመጣል። ይሄ ልጅ ይዛወራል፤ እኔ እሞታለሁ፤ አኮም ይሞታሉ። ከዚያ መንገዱን የሚያሰፋ ሰው ይመጣና መዝገቡን ይከፍታል። ‹አያውቅም› የሚል ጥሩ የእጅ ጽሑፍ ያገኛል፤ ድንጋዩን አጥሮ ጎድጓዳውን ይቆፍረዋል።

«ወረቀት ስጠኝ» አልኩት።

«ሲስተር፣ እሳቸው እኮ ናቸው ‹ምንጭ አጣሩ› ብለው ያስተማሩን። ሰው ምን ይላል?»

«‹አጣሩ› ይበል። ወረቀት ስጠኝ።»

ግማሽ ገጽ ጻፍኩ። «ባለቤቴ» ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ቀደድኩትና «እኔና ባለቤቴ» ብዬ ጻፍኩ። ድንጋዩ ከየት ወደ የት እንደሄደ፣ ለምን እንደሄደ፣ ቅጹን ማን እንደሞላ። እሱ ቆሞ ያነባል። ስፈርም ስልኩን አንስቶ ለቆፋሪዎቹ ደወለ። ገና ገለባውን እየጠረጉ ነበር።

ከዚያ በኋላ ኮሚቴው ተሰብስቦ የባለቤቴን ስም ከታፔላው አወጣው። ባለሙያው ይህን ሊነግረኝ ሲመጣ ሻይ እንኳ አልጠጣም። «ተገቢ ነው» አልኩት። እሱ ከሄደ በኋላ ግን ሁለት ቀን ሙሉ በባሌ ተናደድኩ። ከሞተ ወዲህ ተናድጄበት አላውቅም ነበር። አንድ መስመር ነበር የሚያስፈልገው፤ በየዓመቱ እዚያ ድረስ ከሚሄድ አንድ መስመር መጻፍ ይቀል ነበር። ድስት ሳጥብ ጮክ ብዬ ነገርኩት። መልስ እንደሌለው አውቃለሁ፤ ቢሆንም ነገርኩት።

አዳማ ያለችው ልጄ የታፔላውን ነገር ከሰማች ጀምሮ በየቀኑ ትደውላለች። «እማዬ፣ የአባዬን ስም ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ ለልጆቼ ላሳይ።» ታፔላው ከቆመ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ፎቶውን አንስቻለሁ፤ ስለ ድንጋዩና ስለ ሽማግሌው ይላል፣ መቃብሩ ከታች መሆኑንም ይላል፤ የእሱ ስም ግን የለበትም። አልላክሁላትም። በስልክ የሚነገር ነገር አይደለም። ለገና ስትመጣ ይዣት እሄዳለሁ ብያለሁ። መጀመሪያ አኮ ጋ እናልፋለን፤ ከዚያ ከድንጋዩ እስከ ጎድጓዳው አብረን እየወረድን እነግራታለሁ። ከምኑ እንደምጀምር ገና አላወቅሁም።