በሮቢ ወንዝ አሸዋ ላይ

ዓርብ

በደርግ ጊዜ ነው። ልጄ አልማዝ ሸዋ ሮቢት የሥዕል አስተማሪ ሆና ከተመደበች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ሚያዝያ ላይ የጻፈችልኝ ደብዳቤ እንቅልፍ ነሳኝ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ወንዝ ወርጄ በውሃ ቀለም እስላለሁ። አሸዋው መሀል ስቀመጥ ሁሉም ነገር ይረሳኛል» ይላል። እኔ ከደብዳቤው «መሀል» ከሚለው ቃል ማለፍ አቃተኝ። የቆላ ወንዝ ሰው እንደሚወስድ ሰምቻለሁ። እናም ጽሕፈቷ በሚያምር ጎረቤቴ የዝውውር ማመልከቻ አስጻፍኩ። አስፈርሜያት ወደ ደጋ ላስመልሳት ነው የተነሣሁት እንጂ ሥዕል ልማር አይደለም።

የይለፍ ወረቀት ለማውጣት ቀበሌ ሁለት ቀን ተመላለስኩ። ልጄ አደራ ያለችኝን ወፍራም ነጭ ወረቀት ጠቅልዬ በነጠላ ሸፈንኩት። አውቶቡሱ ሳይነጋ ተነሣ። ደብረ ብርሃን ላይ ሻይ የጠጣነው ለመሞቅ እንጂ ለጥም አልነበረም። ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ገብተን በወዲያኛው በኩል ስንወጣ ጉምና ካፊያ ተቀበለን። ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነው። በየመጠምዘዣው ወለሉን በእግሬ እረግጣለሁ፣ ፍሬኑ በእኔ እግር የሚያዝ ይመስል።

ደብረ ሲናን አልፈን ኬላ ላይ አስወረዱን። አንድ ወታደር ጥቅሉን ፈታ።

«ይሄ ምንድን ነው፣ እናት?»

«ወረቀት ነው፣ ልጄ።»

«ምን ተጽፎበታል?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምን ሊጻፍበት ነው?»

በዚያን ጊዜ ከተጻፈበት ወረቀት ይልቅ ባዶው ያስጠረጥራል። «ልጄ አስተማሪ ናት፤ ወንዝ ትስልበታለች» አልኩ።

«ወንዙ እዚያው አለ አይደል? ደግሞ መሳሉ ለምን?»

ከኋላዬ የቆመ ተሳፋሪ «ጓድ፣ ወንዙ በጋ ሲደርቅ ሥዕሉን ሊጠጡ ነው» አለ። ሰው ሳቀ። ወታደሩ ሳቁን ውጦ እያንዳንዱን ወረቀት ፀሐይ ላይ ዘርግቶ አየና መለሰልኝ።

ሸዋ ሮቢት ስደርስ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ነበር። መናኸሪያው ላይ ሦስት ፓፓያ በአንድ ብር ገዛሁ። አልማዝ ከስታለች፣ ጠቁራለች፤ ግን እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ማመልከቻውን ገና እራት ሳንበላ አወጣሁት።

«ነገ ወንዙን እይና ከዚያ እንነጋገራለን» አለችኝ።

ቅዳሜ

በጠዋት በሽንኩርት መደቦች መሀል አቋርጠን ወረድን። የሮቢ ወንዝ ሰፊ አሸዋ ነው፤ ውሃው በሁለት ቀጭን መስመር ይሄዳል፤ ቁርጭምጭሚት እንኳ በቅጡ አይደርስም። ዳር ላይ ትልቅ ሾላ አለ። ከሾላው አጠገብ ሽንኩርት የሚያጠጡ ሽማግሌ፣ ጋሼ ሰይድ፣ ዶማቸውን ተደግፈው ተቀበሉን።

«እናቷ ነዎት? አልሐምዱሊላህ! ልጅዎ እኮ ወንዛችንን በወረቀት እየጫነች ልትጨርስብን ነው።»

«ጋሼ፣ ይሄ ወንዝ ሰው ይወስዳል ይባላል፤ እውነት ነው?»

«ወላሂ፣ ቀልድ አያውቅም። እዚህ ሰማዩ እንደጠራ ጎርፉ ይመጣል፤ የሚዘንበው ደጋ ነው። እኔ ጆሮዬን ከእሱ አላነሣም፣ አይዞዎት» ብለው ወደ መደባቸው ተመለሱ።

ጭንቀቴን ስታይ አልማዝ ብሩሽ ሰጠችኝ። «ከምትጨነቂ ሳዪ» አለች። ወረቀቱን ሰሌዳ ላይ ወጥራ አሳየችኝ፦ መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ ማርጠብ፣ ከፈዛዛው ቀለም መጀመር፣ ነጭ ቀለም አለመፈለግ። «ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው፤ የምትተዪውን እወቂ። እዚህ ሙቀቱ ቶሎ ያደርቀዋል፣ ፍጠኚ።» እኔን ከሾላው ሥር አስቀምጣ እሷ አንዱን መስመር ተሻግራ አሸዋው መሀል ተቀመጠች። የወንዙ መታጠፊያ የሚታየው ከዚያ ብቻ ነው አለችኝ። ከለከልኳት፤ አልሰማችኝም።

ወረቀት ማበላሸት ፈርቼ ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻ ሰማይ ጀመርኩ። ደስ የሚል ሰማያዊ ወጣልኝ። ከዚያ ብሩሽ የማጥብበትን የጣሳዬን ውሃ ደፍቼ ከወንዙ ዳር ሌላ ቀዳሁ። ሰማዩን ስቀጥል አፈር አፈር መሰለ። ብሩሹን በደንብ አላጠብኩት ይሆናል ብዬ ራሴን ወቀስኩ። ጣሳውን በአሸዋ ፈትጌ እንደገና ቀዳሁ፤ ባሰበት። ሦስተኛ ስቀዳ ገለባ ተንሳፈፈበት። ልጄ ሙያ የለሽ እንዳትለኝ ጣሳውን በቀሚሴ ጋረድኩት።

ያኔ ጋሼ ሰይድ ጮኹ። «ኧረ ደፈረሰ! ውሃው ደፈረሰ! ውጡ!»

«አልማዝ!» አልኩ።

«መጣሁ፣ እማዬ! ሰማዩ እስኪደርቅ!»

እርጥብ ቀለም ካዘነበሉት ይፈሳል። እስኪደርቅ ነበር የምትጠብቀው። በእሷና በእኔ መሀል ያለው ውሃ ግን ቡና መስሎ እስከ ባቴ የሚደርስ ሆኗል። ዋና አላውቅም። ገባሁ። እሷም ተነሥታ መጣች፤ ሰሌዳውን በሁለት እጇ አግድም ይዛ፣ ብርጭቆ እንደሞላበት ትሪ፣ ቀስ እያለች። ድንጋይ ከእግሬ ሥር ይሸሻል።

«ጣዪው!»

«ትንሽ ነው የቀረኝ!»

ሰሌዳውን ከሥር መታሁት። ተገልብጦ ሄደ። አንጓዋን ያዝኩ፤ ጋሼ ሰይድ የዶማቸውን እጀታ ዘረጉልን፤ በጉልበታችን እየዳኽን ዳር ወጣን። ትንፋሼን ሳልሰበስብ ድንጋይ የጫኑ መኪኖች እንደሚያራግፉ ያለ ድምፅ መጣ። ዛፍ ከነሥሩ እየተንከባለለ አለፈ። ልጄ የተቀመጠችበት አሸዋ አልነበረም።

አልማዝ እየተንቀጠቀጠች አለቀሰች። «ስንት ቅዳሜ የጠበቅኩት ብርሃን ነበር» አለች።

ጋሼ ሰይድ በንዴት ተቆጧት። «ሰማዩ እስኪደርቅ? እኛ እዚህ ሰማይ እንዳይደርቅ ዱዓ እናደርጋለን፣ አንቺ ደርቆ ልታዪው ትቀመጪያለሽ!»

እሷም በእንባዋ መሀል ሳቀች። እኔ ግን መናዘዝ ነበረብኝ። ሦስት ጊዜ ድፍርስ ውሃ ቀድቼ ዝም እንዳልኩ ነገርኳቸው።

ሽማግሌው «ወንዝ ሲመጣ አስቀድሞ ቀለሙን ይልካል። አይተውታል እኮ፣ እትዬ። አፍረው ነው እንጂ» አሉኝ።

ቤት እንደገባን አልማዝ ራሷ ማመልከቻውን ጠይቃ ፈረመች። የመጣሁበት ጉዳይ አለቀ። ቀለሞቿን ግን ጠራርጋ፣ ጠቅልላ፣ ጥግ ላይ ጀርባቸውን እንደሰጡ ልጆች አስቀመጠቻቸው። ደስ አላለኝም።

እሑድ

«ተነሺ፣ የዛሬውን ቀለም አሳዪኝ» አልኳት። ከሾላው በላይ፣ ጎርፍ የማይደርስበት ከፍታ ላይ ተቀመጥን። ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ነው። ቡናማና ቢጫ ቀላቀለችልኝ። ትናንት ስሕተት ያልኩት ቀለም ዛሬ ትክክለኛው ሆነ። የኔ ወንዝ እንደ ተዘረጋ ምንጣፍ ወጣ፤ የሷ ይሄዳል። አንገቷን ሰብራ ስትስል ሳያት የፈረመችውን ማመልከቻ ለእሷ መለስኩላት።

«ከፈለግሽ አንቺው በፖስታ ላኪው። የፈራሁት እኔ ነኝ እንጂ አንቺ አይደለሽም። ግን አሸዋው መሀል ዳግመኛ አትቀመጪም፤ ውሃ ቀድተሽ ሳታዪ ዳሩንም አትረግጪም።»

«እሺ፣ እማዬ።»

«በእግዚአብሔር በይ።»

«በእግዚአብሔር።»

ጋሼ ሰይድንም ለመንኳቸው። «ኢንሻአላህ፤ አልሰማ ካለች በዶማው ነው የማወጣት» አሉኝ።

ሰኞ

ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ኬላው ላይ ማንም አልጠየቀኝም። ቤቴ ስደርስ ጎረቤቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ፈረመች?» አለች።

«ፈርማለች።»

«ታዲያ ወረቀቱ የታል?»

«እዚያው ቀረ።»

ተቆጣችኝ፤ እውነቷን ሊሆን ይችላል። ልጅን ከጎርፍ ማውጣትና ልጅን ከምትወደው ማውጣት አንድ እንዳልሆነ የተማርኩት ግን እዚያ ነው። ጭንቀቴ አልቀረም። በደብረ ብርሃን አቅጣጫ ደመና ሲከብድ የያዝኩትን አስቀምጬ እቆማለሁ። ጣርማ በር ከዘነበ ጎርፉ ስንት ሰዓት ላይ ሮቢ ይደርሳል እያልኩ አሰላለሁ። ከዚያ ልጄ የምትቀመጥበትን ከፍታ በዓይነ ሕሊናዬ አይቼ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።