የባለቤቴን ሸክላ ይዤ፣ ፕሪአምፕሊፋየር ፍለጋ ድሬ ዳዋ

ከደብረ ብርሃን የወጣሁት ሰኔ ውስጥ፣ ጉም ከተማውን በዋጠበት አንድ ማለዳ ነው። በአንድ እጄ ትንሽ ሻንጣ፣ በብብቴ ሥር ደግሞ በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ ሸክላ ይዣለሁ። ጉዳዬ አንድ ነው፦ ለቤቴ ስቴሪዮ የሚሆን፣ ራሴ የምገጣጥመው ባለ ቫልቭ ፕሪአምፕሊፋየር መርጬ መምጣት።

ለማያውቅ ላስረዳ፤ ማስረዳት እችልበታለሁ። የሸክላ መርፌ የሚያነሳው ድምፅ እጅግ ደካማ ነው። ያን ደካማ ድምፅ ተቀብሎ፣ አበርትቶና አስተካክሎ ለዋናው አምፕሊፋየር የሚያቀብለው ዕቃ ፕሪአምፕሊፋየር ይባላል። ዛሬ ይህን ሥራ የምትሠራው ጥፍር የምታክል ቺፕ ናት። ድሮ ግን ቫልቭ የምንለው፣ ሲበራ ውስጡ ፍም የሚመስል ትንሽ የመስታወት ጠርሙስ ነበር። እኔ ቫልቭን ያወቅሁት በአሥራ ስድስት ዓመቴ፣ የተጣለ ሬዲዮ ፈትቼ መልሼ ስገጥም ነው። መምህር አልነበረኝም። በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ በእኔ እጅ ያልዳነ ሬዲዮ ካለ፣ ባለቤቱ ሳያመጣልኝ የቀረ ነው።

ቤቴ ያለውን አምፕሊፋየርም የሠራሁት እኔው ነኝ፤ ከሦስት የሞቱ መሣሪያዎች አንድ ሕያው አወጣሁ። ባለቤቴ አስካለ ግን አልወደደችውም። «ጆሮዬን ይቧጥጠኛል» ትላለች። ሸክላ ሳስቀምጥ ተነስታ ወደ ጓዳ ትገባለች። መጀመሪያ ሥራ የያዛት መስሎኝ ነበር። እንዲህ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈው። ከአንድ ሰው ጋር አርባ አንድ ዓመት ኖሮ ዘፈን ለብቻ መስማት ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል። ያን ሁሉ መንገድ የሄድኩት አስካለ ተመልሳ አጠገቤ እንድትቀመጥ ነው።

ጋዜጣ ውስጥ ያለው ሸክላ የእሷ ነው። ብርድ ልብስ ፋብሪካ ተቀጥራ በመጀመሪያ ደመወዟ የገዛችው፣ ሳንጋባ በፊት የነበራት የክራር ዘፈን። እሱን በደንብ የሚያዘፍን ዕቃ እሷን ይመልሳታል ብዬ አሰብኩ። ለሙከራ እንዲሆነኝ ከመደርደሪያው አወጣሁትና ሳልነግራት ይዤው ወጣሁ።

ባቡሩ

አዲስ አበባ አድሬ በማግሥቱ ጠዋት ባቡር ተሳፈርኩ። ስንቄ ዳቦና አራት የተቀቀለ እንቁላል ነበር። አዳማን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ብርዱ ከትከሻዬ ላይ እንደ ጋቢ ተገፈፈ። መተሐራ አጠገብ ባቡሩ በሐይቁ ዳር ሲያልፍ ውኃው ከመስኮቱ ሥር የሚጀምር ይመስል ነበር። ከአዋሽ በኋላ ግራር፣ አቧራ፣ ደግሞ ግራር። አልፎ አልፎ አንድ ግመል አንገቱን ወደ እኛ ያዞራል፤ ከዚያ እሱም ይቀራል።

የአሁኑ ባቡር እንደ ድሮው አይንኳኳም፤ በኮረንቲ ስለሚሄድ እምም እያለ ይንሳፈፋል። ሌላው ተሳፋሪ ያን ድምፅ አልሰማውም፤ እኔ ሰማሁት። ዓይኔን ከድኜ እሱን ስከተል እንቅልፍና ንቃት ተቀላቀሉብኝ። ባቡሩ አንድ ረጅም ቫልቭ ሆነ፤ ሜዳው ውስጡ የጋለው ሽቦ፤ እኛ ደግሞ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው የምንሻገር ድምፆች። ማን እንደሚያዳምጠን አላወቅሁም። ብቻ ደስ የሚል ነበር።

ድሬ ዳዋ ስደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ጣቢያው ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ በሚኒባስ ገባሁ፤ ከዚያ ባጃጅ ፊት ቆሜ ሸክላዬን ሳመቻች ሹፌሩ ጮኸብኝ።

«አቦ ግባ እንጂ! ምን ያቆምሃል?»

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሕፃን ሽማግሌው «ጋሽ ታደሰ፣ እርስዎ» ሳይል አያናግረኝም። «ልጄ፣ በእኔ ዕድሜ ያለን ሰው አንተ ትላለህ?» አልኩት።

«ታዲያ ስንት ሆነህ መጣህ? ብቻህን አይደለህ እንዴ!» አለና ሳቀ። ከዚራ እስከሚባለው ሰፈር ሃምሳ ብር ተቀበለኝ። ሲያወርደኝ «አቦ ይመችህ» ብሎኝ ሄደ። በዚህ ከተማ ሁሉም ሰው እንዲህ እንደሚያወራ የገባኝ በማግሥቱ ነው፤ አንተ ሲሉህ ዘመድ አድርገውህ ነው።

ከዚራ፣ እኩለ ቀን

ጠዋት እንቁላልና ማር ያለበት ፈጢራ በሻይ በላሁና በዛፎቹ ጥላ ሥር እየተራመድኩ ወደ እኩለ ቀን ላይ ሙሳ ቤት ደረስኩ። ሙሳን በስልክ ብቻ ነበር የማውቀው። የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነው፤ ስድሳ አልፎታል። ጅቡቲ ያለ ዘመዱ ተበታትነው በካርቶን የሚመጡ ባለ ቫልቭ ዕቃዎች ይልክለታል፤ ገዢው ቤቱ ወስዶ ራሱ ይበይዳቸዋል። ሙሳ ከየዓይነቱ አንዳንድ ገጥሞ ሳሎኑ ውስጥ አስቀምጧል፤ የሚሰማ ሰምቶ እንዲመርጥ።

ያሉት ሁለት ዓይነት ነበሩ። ትልቁ አራት ቫልቭ አለው፤ ሽቦው እንደ ሸረሪት ድር የተወሳሰበ፣ ልምድ ያለው እጅ የሚፈልግ። ትንሹ ሁለት ቫልቭ ብቻ ነው፤ ጀማሪ በሦስት ቅዳሜ ይገጥመዋል። ለእኔ የሚመጥነው የትኛው እንደሆነ ገና ከበር ላይ አውቄዋለሁ።

ሸክላዬን ልፈታ ስል ሙሳ እጁን አነሳ። «አሁን አይሆንም። ድሬ ልትተኛ ነው። አሥር ሰዓት ላይ ና።»

«እኔ ቀን አልተኛም።»

«ዛሬ ትተኛለህ» አለ።

ሆቴሌ ተመለስኩ። ጋዜጣውን ስፈታ የሸክላው ልባስ የደብረ ብርሃንን ጉም ጠጥቶ ረጥቧል። እኛ አገር የረጠበ ነገር ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ፀሐይዋም ቢበዛ ለብ ታደርገዋለች። ከመስኮቴ ሥር የበረንዳው ቆርቆሮ ክዳን ነበር። ልባሱን በአንድ በኩል፣ ሸክላውን በሌላ በኩል አሰጣሁና አልጋው ላይ ጋደም አልኩ።

ከተማው ጸጥ አለ። ባጃጆቹ አንድ በአንድ ጠፉ፤ ሱቆቹ ተዘጉ፤ አንድ እርግብ ብቻ የሆነ ቦታ ላይ ድምፁን ይደጋግማል። ነጭ መጋረጃው ሳይነፍስ የሚተነፍስ ይመስላል። በሕልሜ አስካለ ወጣት ሆና፣ ገና የገዛችውን ሸክላ በሁለት እጇ ይዛ በደረቁ የድሬ ወንዝ አሸዋ ላይ ወደ እኔ ስትመጣ አየሁ። ስትራመድ ክራሩ ይሰማል።

ስነቃ ላብ በላብ ሆኛለሁ። በመስኮቱ ተንጠራርቼ ሸክላውን አነሳሁ። ጠርዙ ወደ ላይ ተነስቶ ሰሃን መስሏል።

ስሙን ሸክላ እንለዋለን እንጂ ፕላስቲክ ነው። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። እያወቅሁ ነው የጋለ ቆርቆሮ ላይ ያሰጣሁት። አልጋው ጫፍ ላይ ብዙ ጊዜ ተቀመጥኩ። እንደሱ ያለ ሌላ የትም አይገኝም።

ሁለት መስታወት

አሥር ሰዓት ላይ ሙሳ ሸክላውን ተቀብሎ ወደ ብርሃን ያዘው።

«ባቡር ውስጥ ተጭኖብኝ ነው» አልኩ።

«ባቡር እንዲህ አያደርግም። ይቺ የድሬ ፀሐይ ናት፤ እጇን አውቀዋለሁ።» ወደ ጓዳ ዞሮ ተጣራ። «ሃሊማ! ነይ እዪ፣ ደገኛው ሸክላ ጠብሷል!»

ባለቤቱ ሃሊማ ከሙሳ ጋር በኦሮምኛ፣ ከጎረቤት ጋር በሶማሊኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ ታወራለች፤ በሦስቱም ትስቃለች። ሸክላውን አየችና ግን ሳቋን ተወች። «የማን ነው?»

«የባለቤቴ።»

«ታውቃለች?»

ይዤ የመጣሁትን ጋዜጣ ማጣጠፍ ጀመርኩ።

«ወላሂ ጉድ ፈልቷል» አለች። «ነገ እናቃናዋለን። ያጎበጠችው ፀሐይ ራሷ ታቃናው።»

ያን ዕለት የሙሳን ሸክላዎች ብቻ ሰማን። ትንሹ ጥሩ ነበር። ትልቁ ግን ሌላ ነው፤ ከበሮው ከመሬት ሥር ይመጣል፣ የዘፋኙ ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል። ከምድር ሽቦው የምትመጣ ቀጭን እምምታ ግን ነበረችበት። ሙሳ ስድስት ወር ፈልጎ ያጣትን እኔ በሩብ ሰዓት አገኘኋትና አስተካከልኩለት። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ውሸት ይሆናል።

በማግሥቱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሃሊማ ሁለት የመስኮት መስታወት ወልውላ አመጣች። ሸክላውን በመካከላቸው አስገብተን ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ አኖርነው፤ ሙሳ ከላይ የተቃጠለ ከባድ ትራንስፎርመር ጫነበት። ቀስ በቀስ ጠርዙ ሲወርድ በመስታወቱ ውስጥ አየሁት። የቀን መኝታ ሰዓት ሲደርስ እንዳለ ወደ ጥላ አዛወርነው። ላነሳው እጄን ስዘረጋ ሃሊማ መታ አደረገችው። «ሳይቀዘቅዝ ከነካኸው እንደገና ይጎብጣል። ሂድ ተኛ!»

ሄጄ ተኛሁ። በዚህ ከተማ ቀን መተኛት ሥራ ነው።

ምርጫው

አሥር ሰዓት ላይ የአስካለን ሸክላ በትልቁ ላይ ሞከርነው። ሸክላው ቀንቷል፤ ግን እንደ ነበረው አልሆነም፤ ሲዞር ቀለል ያለ ማዕበል ይታይበታል። ትልቁ ምንም ነገር የማያስቀር ዕቃ ነው። ያን ማዕበል ሁሉ ወደ ስፒከሩ ላከው፤ የስፒከሩ ወረቀት እንደሚያለከልክ ውሻ ሆድ ገባ ወጣ ይል ጀመር። ክራሩ ታፈነ። ዘፋኙ በነፋስ ውስጥ የሚጮህ መሰለ።

ቀጥሎ ትንሹን ገጠምን። ትንሹ ከሥር ያለውን እጅግ ወፍራም ድምፅ ቆርጦ ይጥለዋል፤ ለባለሙያ ይህ ድክመቱ ነው። የስፒከሩ ወረቀት ቀጥ አለ። ክራሩ ለስለስ ብሎ መጣ፤ ከኋላው የዘፋኙ ድምፅ፣ ሞቅ ያለና ቅርብ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ብቻ ለአፍታ ይዋዥቃል፤ ከዚያ ራሱን ይይዛል።

ፀሐይዋ በመዝጊያው ቀዳዳ ገብታ ወለሉ ላይ ተኝታለች።

«ለእኔ እጅ የሚመጥነው ትልቁ ነው» አልኩ በመጨረሻ። «ይሄንን ጀማሪም ይገጥመዋል። ሰው ቢያየው ምን ይለኛል?»

«ቤትህ ሰው ነው የሚሰማው ሚስትህ?» አለች ሃሊማ።

ሙሳ ትንፋሹን ዋጠ፤ የትልቁ ዋጋ የትንሹ እጥፍ ነው። እኔ ሁለቱን ካርቶኖች ብዙ አየኋቸው። ከዚያ ትንሹን ወደ ራሴ ሳብኩት።

«አቦ፣ አንቺ ሴትዮ ገበያዬን ልትዘጊ ነው» አላት ሙሳ። ግን የሱን ጆሮ አይቻለሁ፤ እሱም የሰማውን ሰምቷል። ሲሸኘኝ አንድ መለዋወጫ ቫልቭ በካልሲ ጠቅልሎ ኪሴ ከተተልኝ።

ቤት

ደብረ ብርሃን ስደርስ እየዘነበ ነበር። አስካለ ደጅ ላይ ተቀበለችኝ፤ ጥቁር ሆነህ መጣህ አለችኝ። ሸክላውን ሳታይ ቦታው መለስኩት።

ጀማሪ በሦስት ቅዳሜ የሚገጥመውን እኔ በአምስት ቀን ጨረስኩ፤ ከዚያም ውስጥ ሁለቱን ቀን ያጠፋሁት ሽቦዎቹን ለማሳመር ነው። ከዚህ ጉዞ ለሚጠቅመው የምለው ይኸው ነው፦ ዕቃ ስትመርጡ የምትመርጡበትን ሸክላ ከቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ በሻጩ ሸክላ አትፍረዱ። ፀሐይ ላይ ግን አታስጡት።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ዕቃውን ከፈትኩት። ሁለቱ ቫልቮች ቀስ ብለው ጋሉ። የእሷን ሸክላ አስቀመጥኩና ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ወደ ጓዳው አልዞርኩም። ክራሩ ሲጀምር የጓዳው ድምፅ ቆመ። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች፤ በሩ ላይ ቆመች፤ ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠች።

ሁለተኛው ስንኝ ላይ ድምፁ ዋዠቀ። ቀና ብላ አየችኝ።

«ይሄ እንዲህ አልነበረም።»

የምመልሰው ብዙ ነበረኝ። መብራቱ ነው፣ የማጫወቻው ቀበቶ ላልቷል፣ መርፌው አርጅቷል፤ የትኛውንም ብላት ታምነኛለች፤ በዚህ ቤት ስለ ድምፅ የሚያውቅ እኔ ነኝ። ዝናቡን ጥቂት ሰማሁ።

«እኔ ነኝ» አልኳት። «ሳልነግርሽ ድሬ ዳዋ ወሰድኩት። ፀሐይ ላይ አስጥቼ አጎበጥኩት።»

«አሰጣኸው? እንደ በርበሬ?»

«እንደ በርበሬ።»

ትነሳለች ብዬ ጠበቅሁ። አልተነሳችም። እስኪያልቅ ሰማችና መርፌው መሃል ደርሶ ሲንኳኳ «በአርባ አንድ ዓመት ዛሬ ገና ‹እኔ ነኝ› ስትል ሰማሁህ» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ፈለግሁ፤ እኔ ካላገኘሁት የለም ማለት ነው።

«ገልብጠው» አለች።

«ያኛው ፊት ይብሳል፣ ይዋዥቃል።»

«ይዋዥቅ። ገልብጠው።»