ከጎማው ኋላ የተቀመጠው ድንች

እኛ አገር ዳገት ላይ ፍሬን የሚረግጥ ሾፌር ፈሪ ነው ይባላል። እኔ እረግጣለሁ። ያውም እስከ ወለሉ ድረስ። የሚስቅ ይሳቅ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጉና ሥር ያሉ ድንች አምራቾች በማኅበር ሆነው አዲስ የጭነት መኪና ገዙ። የቀድሞ አሮጌ መኪናቸውን ለብዙ ዓመት የነዱት ሽማግሌ ግራ ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሏቸው መሪውን ትተዋል። ስለዚህ አዲስ ሾፌር ይፈለጋል ተባለ። እኔ ያኔ ከደብረ ታቦር ገሳይ የሰው ሚኒባስ እነዳ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው መኪና ሳጥብ፣ የሰው መኪና ሳስጠግን፣ ባለቤቱ በከፋው ቀን ቁልፉን ስነጠቅ ኖሬያለሁ። ያን የጭነት መኪና ፈለግኩት። ካላገኘሁት ወደዚያው ሚኒባስ መመለሴ ነው፤ ያንን ደግሞ ከሞት አላሳንሰውም ነበር።

በእኛ ዘንድ የጭነት ሾፌር የሚፈተነው በድንች ነው። መኪናው ከነጭነቱ ዳገት ላይ ይቆማል። ከኋላ ጎማው ሁለት ጣት ያህል ራቅ ተደርጎ አንድ ድንች ይቀመጣል። ሾፌሩ ሲነሳ መኪናው ወደ ኋላ ከተንሸራተተ ድንቹ ይጨፈለቃል፤ ሰውየውም እስኪሞት ድረስ ስሙ ድንች ፈጪው ነው። መንጃ ፈቃድህን ብታሳይ የሚያይልህ የለም። ዳኛው ድንቹ ነው።

የተፈተንነው ሁለት ነን፤ እኔና ከነፋስ መውጫ የመጣ አንድ ትከሻው ሰፊ ሰው። ቀኑ የገሳይ ገበያ ቀን ነበርና ሰው ዳገቱን ግራና ቀኝ ሞልቶታል። መኪናው ባሕር ዳር የሚወርድ ድንች እስከ ስፖንዳው ጫፍ ተጭኗል። ያሸነፈ ከዚያው ተነስቶ ይሄዳል ተባለ።

ሰውየው ቀደመኝ። እንደ አገሩ ልማድ ፍሬን የሚባል ነገር አልነካም። ዳገቱ መሀል ላይ ሞተሩን እያስጮኸ፣ ፍሪሲዮኑን ከግማሽ ሳያሳልፍ፣ መኪናውን በእግሩ ሚዛን ብቻ አንጠልጥሎ አቆመው። ድንቹ ተቀመጠ። ተነሳ። ድንቹ አልተነካም። ከሥር ግን ጭስ ወጣ፤ ፍሪሲዮኑ ሲቃጠል የሚሸተው ያ ክፉ ሽታ እኔ ያለሁበት ድረስ መጣ። ሰው አጨበጨበ። ስለ ጭሱ ትንፍሽ ያለ የለም።

ከዚያ እኔ ወጣሁ። መኪናው ገና እንደመጣ ያስረከበው ቴክኒሻን ሲያስረዳ ሚኒባሱን አቁሜ ሰምቼዋለሁ። ወንዶቹ ጎማውን በእግራቸው እየመቱ ጥንካሬውን ሲለኩ፣ እኔ ብቻ ነበርኩ የምሰማው። "ይኼ የዳገት መያዣ አለው" አለኝ። "ፍሬኑን እስከ ታች ከረገጥሽ፣ እግርሽን ስታነሺ ሁለት ሦስት ሴኮንድ ራሱ ይይዝልሻል። በዚያች ጊዜ ውስጥ መነሳት ያንቺ ፋንታ ነው። ፍሬን ካልረገጥሽ ግን አያውቅሽም።" እንዳለኝ አደረግኩ። ዳገቱ መሀል ቆምኩ፣ ፍሬኑን እስከ ወለሉ ረገጥኩ፣ አንደኛ ማርሽ አስገባሁ። ከፊቴ ትንሽ መብራት በራች። እግሬን ከፍሬኑ ሳነሳ መኪናው ንቅንቅ አላለም። ፍሪሲዮኑን በቀስታ ለቀቅኩ፣ ነዳጅ ሰጠሁ፣ ሄድኩ። ድንቹም ደህና፣ ጭስም የለ።

ያጨበጨበ ግን አልነበረም። የማኅበሩ ሊቀመንበር ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ወደ መስኮቱ መጡ።

"ይኼማ መኪናው ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም" አሉ። "ማጥፊያ አለው አሉ። አጥፊውና እንደገና ውጪ።"

"አላጠፋም።"

"ምን አልሽ?"

"አላጠፋም አልኩ። እርስዎ በሬ እያለዎ በዶማ ያርሳሉ?"

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ሊቀመንበሩ ግን ፊታቸው ጠቆረ። "ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል" አሉ።

"እንግዲያው ወንዱ ይጨርሰዋ፤ እኔ መች ከለከልኩ?"

አቅቶኝ አልነበረም እምቢ ያልኩት። ያረጀ ሚኒባስ በፍሪሲዮን አንጠልጥሎ ማቆምን ማን ያስተምረኛል? ግን ዛሬ አጥፊ ያለኝ ነገ ዓይንሽን ጨፍነሽ ንጂ ማለቱ አይቀርም። ደግሞም መንገድ ላይ በየቀኑ የምጠቀምበትን ነገር ደብቄ ሥራ መያዝ ውሸት መሰለኝ። ተናድጄ ነበር፤ ንዴቴም ልክ ነበር።

ነገሩን ሽማግሌው ሾፌር ይፍረዱት ተባለ። እሳቸው እስከዚያ ድረስ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በዝምታ ያዩ ነበር። ተነሱ፣ እያነከሱ መጡና "እስኪ ጠጋ በይ" አሉኝ። ወደ ተሳፋሪው ወንበር ተሻገርኩ። መኪናውን ወደ ታች መልሰው እንደገና ወጡ፤ ዳገቱ መሀል ላይም በለመዱት መንገድ በፍሪሲዮን አንጠልጥለው አቆሙት። እውነት ለመናገር እንደሳቸው አድርጎ መኪና የሚይዝ ሰው አይቼ አላውቅም። ድንቹ ተቀመጠ። ልክ ሊነሱ ሲሉ ግን ግራ ጉልበታቸው ከዳቸው። መኪናው ስንዝር ያህል ወደ ኋላ ሄደ። የእጅ ፍሬኑን ስበው አቆሙት።

ድንቹ ተጨፍልቋል። የሳቀ ግን አልነበረም። እኔም ወደ መስኮቱ ዞርኩ፣ ዓይናቸውን ማየት አፈርኩ።

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እንዴት ነው ያደረግሽው?" አሉኝ።

"ፍሬኑን እስከ ታች ይርገጡት ጋሼ። ከዚያ ይልቀቁት። ይዞ ይቆይዎታል፤ እግርዎ አይቸኩል።"

ረገጡ። የእጅ ፍሬኑን ፈቱ። መብራቷ በራች። ለቀቁ፤ መኪናው ቆመ። ፍሪሲዮኑን ሳይጣደፉ ለቀው ዳገቱን ወጡት፤ ሜዳው ላይ ሲደርሱም አቁመው ጉልበታቸውን በእጃቸው ያዙ።

"ይኼ ጉልበት በምን እንዳለቀ ታውቂያለሽ?" አሉኝ። "ሰው በዕድሜ ይመስለዋል። በጉራ ነው።"

ወርደው ለማኅበሩ ሰዎች የተናገሩት አጭር ነው። "መኪናው የሚይዘው ለሁለት ትንፋሽ ነው። በሁለት ትንፋሽ ውስጥ መነሳት የማያውቅ ያው ይወርዳል። እሷ ታውቃለች። ያኛው ደግሞ ጎበዝ ነው፤ ግን በሁለት ወር ውስጥ ፍሪሲዮኑን አንድዶ ይመልስላችኋል።"

ሊቀመንበሩ ቁልፉን ዘረጉልኝ፤ ግን ጫፉን አልለቀቁም። "እንግዲህ ለአንድ ወር በሙከራ ነው" አሉ። "ከጎንሽም አንድ ወንድ ይቀመጣል።"

ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራዋ፤ እኔም ቁልፉ ሳይለቀቅልኝ አላምንም። እጄን ሰበሰብኩ።

"እኚህን ጋሼን ስትቀጥሩ ስንት ወር ሞከራችኋቸው?" አልኩ። "ከጎናቸውስ ማንን አስቀመጣችሁ?"

ሰዎቹ ወደ ሽማግሌው ዞሩ። "እንግዲያው ለእኔም የሙከራ ወር የለም። ካልሆነ ቁልፉ ይኸው በእጅዎ ነው።"

ያ የሰው ሚኒባስ ግን ዓይኔ ላይ ዞረ። ሊቀመንበሩ እኔን አዩ፣ ሽማግሌውን አዩ፤ ሽማግሌው ጫማቸውን ያያሉ። ከዚያ መኪናው ላይ የተጫነውን ድንች አዩ፤ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ነው። ጣታቸውን ከቁልፉ አነሱ። "ሂጂ እንግዲህ፣ ሳይበላሽ አድርሽው" አሉ።

ሽማግሌው እስከ ደብረ ታቦር አሳፍሪኝ ብለው ገቡ። ሾፌር ሌላ ሰው ሲነዳ አይተኛም። በየጠመዝማዛው እግሩ ወለሉን ይረግጣል፤ የሌለ ፍሬን ይፈልጋል። እሳቸውም የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጠመዝማዞች እንዲያ ሲረግጡ ሄዱ። ከዚያ መርገጡ ቀረ። ዞር ብዬ ሳይ ጭንቅላታቸው መስኮቱ ላይ ወድቋል፤ ያንኮራፋሉ። ከተማው ገብቼ እስክቆም ድረስ አልነቁም።

"ለምን ቆምሽ?" አሉ ድንገት ቀና ብለው።

"ደርሰናል ጋሼ። ደህና አሸለቡ።"

"ማን? እኔ?" አሉ። ጉንጫቸው ላይ የቀበቶው መስመር ታትሟል። "እኔ ሰው ሲነዳ እንቅልፍ አይወስደኝም።"

"እሺ ጋሼ" አልኳቸው። ዕድሜዬን ሁሉ ከወንድ ጋር ሳልከራከር የተውኩት ነገር ይህ አንዱ ብቻ ነው።